ሳሎንዎ የማን ነው?

ይህን መጽሔት በእጅዎ ይዘው የተቀመጡት የት ነው? ሳሎንዎ ውስጥ፣ በሚመች ወንበር ላይ፣ ብርሃን ከጎንዎ እየመጣልዎ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ግን የሚያነቡት አልጋ ላይ ተጋድመው ነው። ራታቸውን የሚበሉትም በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው። በገንዘባቸው ያስጌጡት ሳሎን ግን አንሶላ ለብሶ የእንግዳ መምጣትን ይጠባበቃል። እንግዳውም ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ቢል ነው፤ እሱም ቡናውን ጠጥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው በሌላው ለመሳቅ አይደለም። እኔም ራሴ ይህንኑ ስላደረግሁ ነው።

በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየን። ወንድሜ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለነበረ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይጠብቀዋል። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣልኝ። ሰው ዕቁብ ሲደርሰው ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ራሱን እንደ ባለጸጋ ይቆጥራል። እኔም በዚያ ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ሄድኩና በስልኬ ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ዓይነት፣ በማዕዘን የሚታጠፍ ትልቅ ግራጫ ሶፋ ገዛሁ። ዋጋው ከሰባት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። አብሮትም የሚያብለጨልጭ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና በላስቲክ የተጠቀለለ ሰፊ ምንጣፍ መጣ።

ሶፋው በደረጃው አላልፍ አለ። ጫኝና አውራጆቹ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ካዩት በኋላ በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል ይጎትቱት ጀመር። የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ አንገታቸውን አቅንተው ያያሉ፤ ገመዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደግሞ ሰባቱ ወር ደመወዜ በአየር ላይ ይወዛወዛል። የሆነ ሆኖ ገባ። ከገባ በኋላ ግን በክፍሉ ውስጥ ከሶፋው በቀር ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አልቀረም። ክፍሉን ሳልለካ ነበር የገዛሁት! ለተማሪዎቼ «ከመሥራታችሁ በፊት ለኩ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

ከሁሉ የከፋው ይህ አልነበረም። ወንድሜ የሚያጠናበት አንዲት አሮጌ ጠረጴዛ ነበረችን፤ ለሶፋው ቦታ ለመልቀቅ ወደ በረንዳ ወጣችና በመጀመሪያው ዝናብ ተበላሸች። ልጁም አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ ማጥናት ጀመረ። «ሶፋው ላይ አጥና» ብለው አንባቢ እንደሚመክሩ አውቃለሁ። ሞክሮ ነበር። ሶፋው ጥልቅና ዝቅ ያለ ስለሆነ መጽሐፉን በጭኑ ላይ አድርጎ ሲያቀረቅር በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንገቱን ያመዋል። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ የብዕር ቀለም እንዳይነካው ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

በጥር ወር እናታችን ልትጠይቀን ከአገር ቤት መጣች። በክብር ሶፋው ላይ አስቀመጥናት። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ለመነሣት ስትሞክር አልቻለችም። ወንድሜ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን አነሣናት። ከዚያ በኋላ በቆየችባቸው አሥራ አንድ ቀናት አንድም ቀን ተመልሳ አልተቀመጠችበትም፤ ከማድ ቤት የፕላስቲክ በርጩማዋን እያመጣች በሶፋው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ስለ ሶፋውም ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥሩ ነው፤ የሚያምር ነው» አለች። ወንድሜን ግን በደረቱ ተኝቶ ሲያጠና ባየችው ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ትመለከተው ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ በነጋታው ሜትር ይዤ ሶፋውን ለካሁት። የመቀመጫው ቁመት ከወለሉ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 68 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአብዛኛው ሰው ያለ ችግር ለመቀመጥና ለመነሣት የሚመቸው ቁመት ግን ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ50 እስከ 55 ያህል ነው። ያ ዕቃ ለመቀመጥ ሳይሆን ፎቶግራፍ ለመነሣት የተሠራ ነበረ ማለት ነው።

የሚያልፈውና የሚቀረው

ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ያለ አንባብያን በአዲስ አበባ ሳሎኖች ውስጥ ስንት ፋሽን እንደ ጎርፍ እንዳለፈ ያስታውሳሉ። መስታወት የተገጠመለት ቡፌ ነበረ፤ በውስጡ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሮ፣ በላዩም የእመቤቲቱ የእጅ ሥራ የሆነው ዳንቴል ተነጥፎበት። ቀጥሎ ግድግዳውን ሁሉ የሚሸፍን የቴሌቪዥን መደርደሪያ መጣ። ከዚያም የዓረብ መጅሊስ፤ ከዚያም በጂፕሰም የተጠማዘዘ ኮርኒስና በውስጡ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ግድግዳው ግራጫ፣ ወንበሩ ግራጫ፣ መጋረጃው ግራጫ።

ከነዚህ ውስጥ እኔ ዛሬም የማከብረው ቡፌውን ነው። አይሳቁብኝ! እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ወይም ጥድ ነበር፤ ሠሪው የሰፈር አናጢ ስለሆነ በሩ ቢወልቅ ጠርቶ ማስጠገን ይቻል ነበር። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ኤምዲኤፍ ግን የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ብሎኑ አንድ ጊዜ ከተነቀለም በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብቅም። ስለዚህ ቤት ለሚቀያይር ተከራይ አይሆንም፤ በሁለተኛው ዕቃ ማጓጓዝ ላይ ያልቃል። እኔ የገዛሁት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ከእግሩ ማበጥ የጀመረው ወለሉ በተወለወለ በአራተኛው ወር ነው።

ፋሽን ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከየፋሽኑ ውስጥ የቀረውን ብንመረምር ግን አንድ ነገር እናገኛለን፤ የቀረው ዕቃ በሰው አካል ልክ የተሠራና ሲሰበር ሊጠገን የሚችል ነው።

ይህን ለማየት እስከ ሐረር ድረስ መሄድ ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት፣ በቋንቋቸው «ጌ ጋር» የሚሉት፣ ወንበር የሚባል ነገር የለውም። በዋናው ክፍል ውስጥ ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው በአፈርና በድንጋይ የተሠሩ፣ ቀይ የተቀቡ መደቦች አሉ፤ ስማቸው «ነደባ» ይባላል። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ስምና ተቀማጭ አለው፤ የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት፣ የቀረው ሰው የሚቀመጥበት፣ ከዓይን ገለል ያለውም ተለይቶ ይታወቃል። በግድግዳው ውስጥ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ መስኮት መሰል ቦታዎች ተቀርጸዋል። በነጩ ግድግዳ ላይ የሴቶቹ የስፌት ሥራ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። ስፌቱ ጌጥ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ከግድግዳው ወርዶ ምግብ ይቀርብበታል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ የቤት አሠራር አንዱ ትልቅ ምክንያት ነበረ።

እነሆ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጫው የሕንፃው አካል ስለሆነ አይገዛም፣ አይሸጥም፣ በገመድም አይጎተትም። ዕቃው በግድግዳ ላይ ስለሆነ ወለሉ ነፃ ነው። ለብዙ ሰው ብዙ ወንበር ሳያስፈልግ ሃያ ሰው ይቀመጣል። ሁላችንም ነደባ እንሥራ አልልም፤ አከራዩስ ምን ይላል? ነገር ግን በግድግዳ ላይ አንድ ረጅም መደርደሪያ አሰቅሎ ወለሉን ነፃ ማድረግ ለማንም የሚቻል ነገር ነው። በአማራውና በሸዋው ገጠር ያለው የጭቃ መደብም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እኛ ግን የድህነት ምልክት አድርገን ናቅነው።

ስለ ወንበር ካነሣሁ ዘንድ ሁለት ዕቃዎችን ላስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ሚካኤል ቶኔት የተባለ የወንበር ሠሪ እንጨትን በእንፋሎት እያለሰለሰ በማጉበጥ አንድ የቡና ቤት ወንበር አወጣ። ስድስት ቁራጭ እንጨት፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበር። ተፈታትቶ በሚላክበት ጊዜ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ሠላሳ ስድስት ወንበር ይገባ ነበር። ያ ወንበር እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል፤ በዓለም ላይ በየቡና ቤቱ ያዩት ጀርባው ክብ የሆነው ወንበር እሱ ወይም የእሱ ልጅ ነው። ሁለተኛው የእኛው የጅማ በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር ይወጣለታል፤ ሙጫም ምስማርም የለውም። እግሩ ሦስት የሆነበት ምክንያት በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ የተማሩት ነው፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ ወለሉ ቢጎረብጥም በርጩማው አይናጋም። አራት እግር ያለው ወንበር በጭቃ ወለል ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሠርቶ በዓለም ታወቀበት። የእኛ አናጢዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ከዚያ አስቀድመው ሲሠሩት ኖረዋል።

ከፀሐይ ይጀምሩ

እንግዲህ ወደ ራስዎ ቤት እንመለስ። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ በደቡብ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ብርድ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሙቀት የሚያስገባልዎ የደቡቡ መስኮት ነው። ጠዋት የሚያጠና ወይም ልብስ የሚተኩስ ሰው ካለ ቦታው በምሥራቁ መስኮት አጠገብ ይሁን። እኔ ሶፋዬን ያቆምኩት ልክ በደቡቡ መስኮት ፊት ነበር፤ ጀርባው ብርሃኑን ጋረደው፣ ጨርቁም በፀሐይ ነጣ። አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚባለው ለካ ለጥፋትም ይሠራል።

ወለልዎ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ እግርዎን የሚበርድዎ ወለሉ ከእንጨት ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይደለም። ሁለቱም የክፍሉን ሙቀት ይዘዋል። ሲሚንቶ ግን ከእግርዎ የሚወጣውን ሙቀት ከእንጨት ይልቅ ከአምስት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ነው። ስለዚህ ምንጣፍ የሚያስፈልገው ለውበት ሳይሆን እግር በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ከአልጋው ሥርና ከማጥኛው ጠረጴዛ በታች። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ምንጣፍ አቧራ ያከማቻል፤ እሱን ይዞ አራት ፎቅ ወርዶ ማራገፍም ቀላል አይደለም። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚመጣው የሱፍ ምንጣፍ ትንሽ ቢሆንም ከትልቁ ናይሎን ይሻላል፤ ይሞቃል፣ ይታጠባል፣ ዕድሜም አለው።

ግድግዳውን ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ቀለም ይቀቡት። ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶው ሰማንያ ያህሉን መልሶ ወደ ክፍሉ ይሰጣል፤ ጥቁር ግራጫ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ክረምት ሲገባና ሰማዩ ሲጠቁር ልዩነቱን ያዩታል። ቀለም የሚወዱ ከሆነ በቀላሉ በሚለወጥ ነገር ላይ ያድርጉት፤ በትራስ ልብስ፣ በአልጋ ልብስ፣ ከሽሮ ሜዳ በሚገዙት ጥለት ላይ። ትራስ ልብስ ቢሰለችዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀየራል፤ ሰባት ወር የሚፈጅ ሶፋ ግን አይቀየርም።

ስለ መብራት ጥቂት ልበል፤ በዚህ ነገር ሁላችንም እንሳሳታለንና። በኮርኒሱ መካከል አንዲት አምፖል ብቻ ሰቅለን ለሁሉ ነገር እንድትሆነን እንጠብቃለን። ለንባብ የሚሆን ብርሃን ከጎን ወርዶ በመጽሐፉ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ከግራው በኩል መምጣት አለበት፤ ያለዚያ የእጁ ጥላ ጽሑፉን ይጋርደዋል። አምፖል ሲገዙም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የኬልቪን ቁጥር ያንብቡ። 6500 የሚለው ነጭና ሰማያዊ የሚመስል፣ የሐኪም ቤት ኮሪደር የሚያስታውስ ብርሃን ነው፤ 2700 ወይም 3000 የሚለው የሻማ ዓይነት ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ዋጋቸው ተመሳሳይ ነው። ለሚያነቡበት ነጩን፣ ለሚያርፉበት ለስላሳውን ይምረጡ። ይህን ለውጥ ብቻ አድርጎ ሌላ ምንም ያልገዛ ሰው እንኳ ቤቱ የተቀየረ ይመስለዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ጠረጴዛ። በጠባብ ቤት ውስጥ ገንዘብዎን የሚያፈሱበት አንድ ዕቃ ብቻ ቢኖር ጠረጴዛው ይሁን እላለሁ። በአንድ ጥሩ ጠረጴዛ ላይ ይበላል፣ ይጠናል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ደብዳቤ ይጻፋል። ቁመቱ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከወንበሩ መቀመጫ እስከ ጠረጴዛው ፊት ያለው ከፍታ ደግሞ 28 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክንድ ያርፋል፣ ትከሻ አይንጠለጠልም። ወርዱ 80፣ ርዝመቱ 120 ከሆነ አራት ሰው ያስተናግዳል። በጀርባው ሰው እንዲያልፍ ከፈለጉ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ይህን ሁሉ ለመለካት ጋዜጣ በወለሉ ላይ ዘርግቶ በልኩ መቁረጥ በቂ ነው። ለሁለት ቀን በጋዜጣው ዙሪያ እየተመላለሱ ይኑሩ፤ ከረገጡት ጠረጴዛው ትልቅ ነው ማለት ነው።

ሶፋ የግድ ከሆነብዎ ስፖንጁን ይጠይቁ። ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቢሆን ይቆያል፤ ከዚያ በጣም የቀለለው በዓመት ውስጥ ይሰምጣል። ልብሱ በዚፕ የሚወልቅና የሚታጠብ መሆኑንም ይመልከቱ። ሻጩ መልስ ካላወቀ ወይም ከተቆጣ ወደ ሌላው ይሂዱ። ምናለሽ ተራ ያሉትን አሮጌ የእንጨት ወንበሮችም አይናቁ፤ አንድ አናጢ እግሩን አጥብቆ ቫርኒሽ ከቀባው ከአዲሱ የሚሻል ይገኛል።

የቡና ነገር ሳልጠቅስ ብቀር ቤት አልተነሣም ማለት ነው። ረከቦቱ የሚቀመጥበት ቦታ ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ በመስኮት ወይም በበረንዳ በር አጠገብ፣ ከመጋረጃ ራቅ ብሎ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል። በኅዳር ብርድ መስኮቱን ዘግተው በከሰል አጠገብ ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች አሉ። ስለ ውበት በምንጽፍበት ገጽ ላይ ይህን ማንሣት ደስ አይልም፤ ግን ቤት አስቀድሞ በሕይወት የሚያኖር መሆን አለበት።

እኔ ሶፋውን በየካቲት ወር ሸጥኩት። ከገዛሁበት ዋጋ ከግማሽ በታች ነው የሸጥኩት፤ የገዛው ሰው ሲያወርደው እንደገና ገመድ ተጠራ፣ ሕፃናቱም እንደገና ተሰበሰቡ። በተገኘው ገንዘብ የሰፈሩ አናጢ ከባሕር ዛፍ ጣውላ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ሠራልን። ከወንበሮቹ አንዷን መደገፊያ ክንድ ያላት፣ መቀመጫዋ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለች አድርጎ እንዲሠራት አዘዝኩት። አናጢው «ይቺ ለምን ተለየች?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ለእናቴ ናት» አልኩት። ከዚያ በኋላ የወንበሯን ክንዶች ዳር እንደ ገና እያሸ ሲያለሰልስ አየሁት፤ ለዚህ ሥራ ዋጋ አልጨመረብኝም።

ወንድሜ እስከ ፈተናው ድረስ የቀረውን አራት ወር በምሥራቁ መስኮት ሥር በዚያ ጠረጴዛ ላይ አጠና። ፈተናውን አልፎ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሶፋው ቤት ውስጥ የነበረባቸው አምስት ወራት ባይባክኑ ኖሮ የተመኘውን ክፍል ያገኝ ነበር ይሆን? ጠይቄው አላውቅም። በጠረጴዛው ፊት ላይ ግን በብዕር የጻፋቸው ሁለት ሦስት የኬሚስትሪ ቀመሮች አሉ፤ አናጢው በብርጭቆ ወረቀት ላጥፋልህ ቢለኝ አይሆንም አልኩት። እናቴ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች።